የጥንት ክርስትና መጽሐፍና የአይሁድ ሃይማኖት ዝምድና፤ ከሐዲያ ምድር ታሪክ ጋር ተያይዞ ሲመረመር

ከሆሳዕና ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በአንሌሞ ወረዳ የምትገኘው ፎንቆ፣ እንደ ቀረው የሐዲያ አገር ሁሉ፣ ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች በጉርብትና የሚኖሩባት ናት። ከነዚህም መካከል ክርስቲያን የሆኑት አንዱን መጽሐፍ ቅዱስ ቢያከብሩም የመጽሐፉን ልክ በአንድ ቍጥር አይሰፍሩትም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ቅዱሳት መጻሕፍት ሰማንያ አሐዱ ናቸው፤ የአገሩ ብዙኀን ሕዝብ በሚከተላቸው በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ግን ስድሳ ስድስት ናቸው። ከዚህም የተነሣ አንዱ ወገን ሌላውን «ከመጽሐፍ ጨመረ» እያለ፣ ሌላውም «ከመጽሐፍ ቀነሰ» እያለ ሲወቃቀስ ይሰማል።

ይህ ወቀሳ በቍጥር የተገለጸ ይሁን እንጂ መሠረቱ የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የክርስቲያኖች የመጀመሪያው መጽሐፍ ከአይሁድ መጽሐፍ ምን ያህል ተወረሰ? የተወረሰውስ ከየትኛው ዘመን አይሁድ ነው? የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ክርስትና ቀዳሚት ሰንበትን ስለሚያከብር፣ በስምንተኛው ቀን ስለሚገርዝ፣ ታቦትንም በመቅደስ ስለሚያኖር፣ ጥያቄው ከሌላው አገር ይልቅ በኛ አገር ጐልቶ ይታያል። ከዚህ ቀጥሎ ነገሩ በአጭሩ ይመረመራል፤ የሐዲያ ምድርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ሆሳዕና ስለሚለው ስም

ምርመራውን ከአገሩ ዋና ከተማ ስም መጀመር ይቻላል። ቦታው ቀድሞ በሐዲያ ቋንቋ ዋቸሞ ይባል ነበር። ሆሳዕና የሚለው ስም የወጣለት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በራስ አባተ ቧያለው አገረ ገዥነት ዘመን ሲሆን፣ ከሆሳዕና በዓል ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ይነገራል። ቃሉ ግን ከአማርኛም ከግእዝም አልተወለደም። በዕብራይስጥ «እባክህ አድን» ማለት ሲሆን፣ በዕብራይስጡ አቈጣጠር 118ኛ፣ በግእዙ አቈጣጠር 117ኛ በሆነው መዝሙር ውስጥ የሚገኝ የልመና ቃል ነው። አይሁድ በዳስ በዓል ቅጠልና ዘንባባ ይዘው ይጮኹበት ነበር።

በዚህ አንድ ቃል የመጽሐፉ መንገድ በሙሉ ይታያል። መዝሙሩን ወደ ጽርዕ የመለሱት የአይሁድ ሊቃውንት ቃሉን በትርጕሙ «አድን» ብለው አስቀመጡት፤ የግእዙም መዝሙር እነሱን ተከትሎ ተረጐመው። ወንጌላውያኑ ማቴዎስ፣ ማርቆስና ዮሐንስ ግን የሕዝቡን ጩኸት ሲጽፉ ቃሉን ሳይተረጕሙ እንዳለ አስገቡት። ሉቃስ ይህን ቃል በታሪኩ ውስጥ አላኖረውም። እንግዲህ የግእዝ አንባቢ በመዝሙሩ ትርጓሜውን፣ በወንጌሉ ደግሞ የዕብራይስጡን ድምፅ ያገኛል።

ከዚህም በላይ ሆሳዕና በግእዝ ሲጻፍ «ዐይን» የተባለውን ፊደል ይዞ ይገኛል። ይህ ፊደል በጽርዕ የለም፤ በዕብራይስጡና በሱርስቱ ግን አለ። ስለዚህ ቃሉ ከጽርዕ ብቻ ተቀድቶ ይህን መልክ ሊይዝ አይችልም፤ ሴማዊ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው፣ በመጀመሪያው ትርጓሜ ጊዜ ወይም በኋላ ሲታረም፣ እጁን እንዳስገባበት ያመለክታል። አሁን ዩኒቨርሲቲው ዋቸሞ፣ ከተማው ሆሳዕና እየተባሉ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን መኖራቸው፣ በአንድ ቦታ ላይ የአገሩ ቋንቋና የኢየሩሳሌም ቋንቋ እንደ ተደራረቡ ያሳያል።

፪. የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ምን ያነቡ ነበር?

በአንደኛው መቶ ዓመት ሐዲስ ኪዳን የተባለ የተጠረዘ መጽሐፍ አልነበረም። ሐዋርያት «መጽሐፍ» ሲሉ የሚያመለክቱት ኦሪትን፣ ነቢያትንና መዝሙራትን ነው። የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት በብዛት በ50ዎቹ ዓመታት የተጻፉ ሲሆኑ፣ ወንጌላት ከዚያ በኋላ ተከትለዋል። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው በትውልድ አይሁድ ነበሩ፤ ክርክራቸውም በአይሁድ ጉባኤ ውስጥ የሚደረግ የወንድማማች ክርክር ነበር። ሁለቱ ወገኖች ፈጽመው የተለያዩት ቀስ በቀስ ነው፤ በ70 ዓመተ ምሕረት የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ መፍረሱ፣ ከ132 እስከ 135 ደግሞ የባር ኮክባ ዐመፅ መነሣቱና መሸነፉ መለያየቱን አፋጠኑት።

በ2ኛው መቶ ዓመት መርቅያን የተባለ ሰው ክርስትና ከአይሁድ መጽሐፍ ጋር አንዳች ግንኙነት ሊኖረው አይገባም ብሎ ተነሣ፤ ብሉይ ኪዳንን ጥሎ፣ የሉቃስን ወንጌልና የጳውሎስን መልእክታት ብቻ፣ እነሱንም ቈራርጦ፣ ለመያዝ ፈለገ። በሮም ያለችው ቤተ ክርስቲያን በ144 ገደማ ለየችው። ይህ ውሳኔ ታላቅ ነው፤ ክርስትና የአይሁድን መጽሐፍ የራሱ አድርጎ መያዙ በዚያ ጊዜ ጸንቷልና። ያልተቈረጠው ጥያቄ ግን ከአይሁድ መጻሕፍት ውስጥ የትኞቹ ይያዙ የሚለው ነበር።

አይሁድ በዚያ ዘመን አንድ ወጥ የመጻሕፍት ዝርዝር አልነበራቸውም። ኦሪትና ነቢያት በሁሉ ዘንድ የታወቁ ሲሆኑ፣ ከነሱ ውጭ ያሉት መጻሕፍት በአንዱ ወገን ይከበሩ፣ በሌላው ይተዉ ነበር። ከቤተ መቅደሱ መፍረስ በኋላ የተነሡት የአይሁድ መምህራን 24 መጻሕፍትን ብቻ አጸኑ። ከብዙ ዘመን በኋላ የአውሮፓ ተሐድሶ ሰዎች ይህንኑ የዕብራይስጥ ዝርዝር ተከትለው፣ አቈጣጠሩን ብቻ ለውጠው፣ ብሉይ ኪዳንን 39 አደረጉት። 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሲጨመሩ ስድሳ ስድስት ይሆናል። በሐዲያም በወንጌላውያን ዘንድ የሚነበበው ዝርዝር ይህ ነው።

፫. ሄኖክና ኩፋሌ

በግእዝ የተጠበቀው ዝርዝር ግን ከዚህ የሰፋ ነው። በውስጡም በሌላው ዓለም በሙሉ ይዘታቸው የጠፉ ሁለት መጻሕፍት ይገኛሉ፤ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ። ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ እጅ የተደረሱ ናቸው፤ ከሄኖክ ውስጥ ምሳሌ የተባለው ክፍል ግን ዘመኑ ያከራክራል። ወደ ግእዝ የተመለሱት እንደ ሌሎቹ የብሉይ መጻሕፍት ከጽርዕ ነው።

ጀምስ ብሩስ የተባለው እስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1773 የሄኖክን ቅጂዎች ወደ አውሮፓ ወሰደ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ ተርጕሞ አወጣው፤ ኦጉስት ዲልማን የተባለው የጀርመን ሊቅ ደግሞ የሄኖክን ግእዝ በ1851፣ የኩፋሌን ግእዝ በ1859 አሳተመ። በዚያ ጊዜ አንዳንዶች መጻሕፍቱ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆኑ ይጠራጠሩ ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የጥንት ብራናዎች ሲገኙ ግን ነገሩ ተገለጠ። የሄኖክ ቍርጥራጭ በአራማይስጥ፣ የኩፋሌም ቍርጥራጭ በዕብራይስጥ ተገኘ። ሚሊክ የተባለው ሊቅ የሄኖክን ቍርጥራጮች በ1976 አሳተመ። ከነዚህ መካከል ምሳሌ ከተባለው ክፍል አንድም አልተገኘም። ብራናዎቹ የተበጣጠሱ ስለ ሆኑ መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ የሚፈልግ ሁሉ እስካሁን ወደ ግእዙ ይመለሳል።

ከዚህ አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ይወጣል። ሄኖክን የአይሁድ መምህራን ተዉት። በምዕራብ ተርቱልያኖስ ቢከራከርለትም እነ አውግስጢኖስ አልተቀበሉትም። የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ጳጳስ ፍሬምናጦስን የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ እንኳ በ367 ባወጣው የፋሲካ መልእክት የመጻሕፍትን ዝርዝር ሲጽፍ ሄኖክን አላገባም። ሆኖም ከእስክንድርያ ጳጳስ ስትቀበል የኖረችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን አጥብቃ ያዘች። ለዚህም ያላት ማስረጃ ቀላል አይደለም፤ የሐዲስ ኪዳን ክፍል የሆነችው የይሁዳ መልእክት ሄኖክን በስሙ ጠርታ ትንቢቱን ትጠቅሳለችና። እንግዲህ አይሁድ የደረሱትን፣ አይሁድም የተዉትን መጽሐፍ ያዳኑት የአፍሪካ ቀንድ ክርስቲያኖች ናቸው።

፬. የሊቃውንት ክርክር

በኢትዮጵያ ክርስትና ውስጥ የሚታየው የኦሪት መልክ ከወዴት መጣ? በዚህ ላይ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሁለት ሐሳቦች ተፋጠጡ። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በ1956 ባወጣው ጽሑፍና በ1968 በታተመው ስለ ኢትዮጵያና ስለ መጽሐፍ ቅዱስ በሚናገረው መጽሐፉ፣ ከክርስትና በፊት ከደቡብ ዐረብ የገባ የአይሁድ ተጽዕኖ እንዳለ አስረዳ። ማክሲም ሮደንሶን ግን በ1964 ይህን ተቃወመ፤ በእርሱ አስተያየት አብዛኛው ልማድ ብሉይ ኪዳንን በማንበብና እርሱን በመምሰል የመጣ ነው እንጂ ከአይሁድ ሰዎች በቀጥታ የተወሰደ አይደለም።

በቋንቋ በኩል ፖሎትስኪ በዚያው በ1964 ያቀረበው ማስረጃ ልብ ሊባል ይገባል። በግእዝ ከአራማይስጥ የገቡ እንደ ሃይማኖት፣ ጣዖት፣ ገሃነምና ምጽዋት ያሉ ቃላት አሉ። ከነዚህ «ምጽዋት» በአራማይስጥ መሠረቱ «ትእዛዝ» ማለት ሲሆን፣ ትእዛዝ የሚለውን ቃል ለድኻ ለሚሰጥ ስጦታ ማዋል የአይሁድ አነጋገር ነው። ስለዚህ ቃላቱ የመጡት የአይሁድን አነጋገር ከሚያውቁ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች አይሁድ ነበሩ ወይስ ከአይሁድ ወገን የተመለሱ ክርስቲያኖች? ቃላቱ ብቻቸውን ይህን አይፈርዱም።

ልማዶቹን በተመለከተ ከውጭ ሊቃውንት ሁሉ ቀድሞ የተናገረ ኢትዮጵያዊ ምስክር አለ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ከኢየሱሳውያን ለመጣው የይሁዲነት ክስ መልስ ሲሰጡ፣ ቀዳሚት ሰንበት የምትከበረው አይሁድ እንደሚያደርጉት ሳይሆን በሐዋርያት ትእዛዝ መሠረት ቍርባን በመሠዋት እንደ ሆነ፣ ግዝረትም ፊትን እንደ መብጣት ያለ የአገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ መፈጸሚያ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ብሎ የሚጠራው አገር ሰዎች እንደሚገረዙ መጻፉ፣ ግዝረትን ብቻ ይዞ ወደ አይሁድነት መሮጥ እንደማይገባ ያጸናል።

፭. የሰንበት ክርክርና ከሐዲያ የመጡት ንግሥት

በኦሪትና በወንጌል መካከል የነበረው ጥያቄ በኢትዮጵያ እጅግ የጋለው ስለ ቀዳሚት ሰንበት ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብለው በማስተማራቸው ከጳጳሱ ትእዛዝ ጋር ተጋጩ፤ አገራቸውን ትተው ሄደው በ1352 በአርማንያ ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ለብዙ ዘመን ከማኅበረ ክርስቲያን ተለይተው ከቈዩ በኋላ፣ ዐፄ ዳዊት በ1404 በልማዳቸው እንዲኖሩ ፈቀዱላቸው። በመጨረሻም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ፤ የግብፅ ጳጳሳቱም ተስማሙ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ክርክር የተመረኰዙት በመጻሕፍት ላይ ነው፤ በዐሥሩ ቃላት፣ በዲድስቅልያና በሲኖዶስ። በመጽሐፈ ሚላድም ስለ ወልድ መወለድ ሲከራከሩ ሄኖክን በምስክርነት ይጠራሉ። የሚያስገርመው ይህን ሁሉ ያደረጉት «አይሁድ» ብለው የሚጠሯቸውን እየተቃወሙ መሆኑ ነው። የአይሁድን ሰንበትና የአይሁድን መጽሐፍ ይዞ አይሁድን መከራከር ለእሳቸው የሚቃረን ነገር አልነበረም፤ መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

የሐዲያ ታሪክ ከዚህ ዘመን ጋር በቅርብ ይገናኛል። ሐዲያ በዚያ ጊዜ ከዛሬው አገሩ ይልቅ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ፣ ገራድ በሚባሉ እስላም ገዦች እየተዳደረ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገብር ግዛት ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የገራድ መሐመድን ልጅ ዕሌኒን አገቡ፤ የመሐመድ ልጅ ገራድ ማሂኮ ግን ግብር አልሰጥም ብሎ ዐመፀ፣ በዚያም ምክንያት ተገደለ። አንዱ የገራድ ልጅ በዐመፅ ሲሞት፣ ሌላይቱ በቤተ መንግሥት ከፍ ከፍ አለች።

ንግሥት ዕሌኒ ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ በመጻሕፍት ዕውቀታቸው የታወቁ ሆኑ፤ ስለ ሃይማኖት የደረሷቸው መጻሕፍትም እንዳሉ ይነገራል። በዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ዘመን የእናትነት ማዕርግ አገኙ፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 በሕፃንነታቸው ሲነግሡም ሞግዚት ሆነው አገር አስተዳደሩ፤ ለፖርቱጋልም ንጉሥ መልእክተኛ ላኩ። በእስልምና ቤት የተወለዱ የሐዲያ ልዕልት፣ ቀዳሚት ሰንበት በጸናችበት ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ሊቅ መባላቸው፣ የኦሪትና የወንጌል ጥያቄ በሰሜን ገዳማት ብቻ የተወሰነ እንዳልነበረ ያስረዳል።

፮. ቤተ እስራኤል

ስለ አይሁድነትና ስለ መጽሐፍ ሲነገር ቤተ እስራኤልን መዝለል አይቻልም። እነሱ የሚያነቡት ኦሪት በግእዝ ነው፤ ይህም ከጽርዕ የተመለሰው፣ ቤተ ክርስቲያንም የምታነበው ትርጓሜ ነው። ዕብራይስጡንና የአይሁድ መምህራንን ተልሙድ አላወቁም ነበር። ኩፋሌን ያከብራሉ፤ ትእዛዘ ሰንበት የተባለውም መጽሐፋቸው በኩፋሌ መንፈስ የተጻፈ ነው። በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 መንግሥቱ ወደ እስራኤል የመመለስ ሕግ እንዲመለከታቸው ተቀበለ፤ ከዚያም በ1984–85ና በ1991 ብዙዎቹ ወደዚያ ተጓዙ።

እንግዲህ በአንድ ትርጓሜ ሁለት ማኅበረ ሰብ ተመግቧል። አንዱ በወንጌል ብርሃን አነበበው፤ ሌላው ያለ ወንጌል አነበበው። ለአንዱ ወገን የሰንበት ሕግ እሳት እንዳይነድ እስከ መከልከል ሲደርስ፣ ለሌላው የቅዳሴና የዕረፍት ቀን ሆነ። ይህ የሚያሳየው መጽሐፍ አንድ ሆኖ ሳለ ሕዝብን የሚለየው አነባበቡ እንደ ሆነ ነው።

፯. ስለ ፋንዳኖ የሚገባ ጥንቃቄ

የሐዲያን ልማድ የሚመረምር ተማሪ አንድ ፈተና ይገጥመዋል። ፋንዳኖ የተባለው የሐዲያ ጥንታዊ ሃይማኖት ዋዐ ተብሎ የሚጠራውን ፈጣሪ የሚያመልክ፣ ጸሎትና ጾም ያለው ነበር። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የተባለው የጀርመን ሊቅ የሐዲያን ታሪክ በ1980 ባሳተመው መጽሐፉና በኋላም በጻፋቸው ጥናቶች ይህን ሃይማኖት መርምሯል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተከታዮቹ እጅግ አንሰው እንደ ነበርም ገልጧል። የአንድ ፈጣሪን እምነት፣ ግዝረትን፣ ጾምንና የእርድን ሥርዐት አንድ ላይ ሲያይ፣ ተማሪው «ይህ የጠፋ የአይሁድ ነገድ ምልክት ነው» ለማለት ይቃጣዋል።

ነገር ግን ከላይ እንደ ታየው ግዝረት በቀንዱ አገር ሁሉ የቈየ ልማድ ነው፤ ጾሙና ጸሎቱም ሐዲያ በመካከለኛው ዘመን ከእስልምናና ከጎረቤት ክርስትና ጋር በነበረው ኑሮ ይበልጥ ይፈታል። መንግሥታቱ በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ሲናወጡና ሕዝቡ ሲፈልስ፣ ከመምህራን የተለየ ሃይማኖት በራሱ መንገድ መልክ ይለውጣል። የኦሪትን መልክ የሚመስል ነገር ሁሉ ከኦሪት የመጣ አይደለም፤ ከኦሪት የመጣም ነገር ሁሉ ከአይሁድ እጅ የተቀበሉት አይደለም። በቅርቡ ታሪክ ሊፈታ የሚችለውን በሩቁ መፍታት የሕዝቡን የራሱን ታሪክ መንጠቅ ይሆናል።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሚከተለው ነው። የጥንት ክርስትና መጽሐፍ ከአይሁድ ውጭ ተጽፎ በኋላ ከአይሁድ መጽሐፍ ጋር የተዛመደ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም በአይሁድ ቤት ውስጥ ተወለደ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም የኦሪትን መልክ የያዘችው፣ ምናልባት በጥንት ዘመን አይሁድ ወይም ከአይሁድ ወገን የሆኑ ክርስቲያኖች በቃል ያስተላለፉላት ቢኖርም፣ ይልቁን በእጇ ያለውን ሰፊ መጽሐፍ አንብባ በሥራ ስላዋለችው ነው። በ1450 የተወሰነውም ይህንኑ አነባበብ አጸና።

ስለዚህ በፎንቆም ሆነ በሌላው የሐዲያ አገር የሚሰማው ወቀሳ በታሪክ ፊት ሲመዘን መልኩ ይለወጣል። ስድሳ ስድስት የሚለው ወገን በብሉይ ኪዳን የሚከተለው ከቤተ መቅደስ መፍረስ በኋላ የተነሡትን የአይሁድ መምህራን ዝርዝር ነው። ሰማንያ አሐዱ የሚለው ወገን የሚጠብቀው ቤተ መቅደሱ ገና ቆሞ ሳለ አይሁድ ያነቧቸው የነበሩትን ብዙ መጻሕፍት ነው። ሁለቱም ከአይሁድ ተቀበሉ፤ የተቀበሉበት ዘመን ግን ይለያያል። የትኛው ዝርዝር ለእምነት እንደሚበቃ መፍረድ የየሃይማኖቱ መምህራን ሥራ ነው። የታሪክ ተማሪ ሊለው የሚችለው፣ አንዱ ወገን ስለ ጨመረ ወይም ሌላው ስለ ቀነሰ ሳይሆን፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ከአንድ ምንጭ በሁለት የተለያየ ጊዜ ስለ ቀዱ መጽሐፋቸው ልዩ ልዩ ሆነ ነው።